ሰባት እርምጃ ተዳፋት

ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በጎረቤቱ ከብት ይቀናል፣ በወንድሙ ልጆች ይቀናል። እኔ የቀናሁት በቁራሽ መሬት ነው፤ ያውም ርዝመቷ ሰባት እርምጃ፣ ወርዷ አራት እርምጃ በሆነች፣ ገብስ እንኳ በማይዘራባት መሬት። ያን ጊዜ ጠይቃችሁኝ ቢሆን "እኔ የምፈልገው ፍትሕ ነው" እላችሁ ነበር። ብያለሁም፤ በስብሰባ መሐል ተነሥቼ፣ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መልሼ ብያለሁ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ መኪናዬም ለብረት ተሽጣለች፤ ምን እደብቃለሁ? ቅናት ነበር።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመን ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ጫፍ መሬት ሰጠን፤ ቤቶቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሠራን፣ መሐሉን የጋራ ግቢ አደረግነው፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጠርነው፣ አንድ የቆርቆሮ በር አቆምንለት። መተዳደሪያ ደንቡን ለመጻፍ ሦስት እሑድ ፈጀብን። ስለ ውሃ ቧንቧው ተጻፈ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ተጻፈ፣ ውሻ ስለማሰር ተጻፈ፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሳይቀር ተጻፈ። ስለ መኪና ግን አንዲት ቃል የለችም። ማን መኪና ነበረውና! ከአሥራ ሁለታችን ጎማ ያለው ነገር የነበረው ርእሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ብስክሌት።

ቤቱ ተሠርቶ ከገባን በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይቶ መኪና መጣ። መጀመሪያ የገዛው በግራ በኩል ያለው ጎረቤቴ ነው፤ አሮጌ ፒካፕ። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ገዛሁ፤ የኔም አሮጌ ፒካፕ ናት፣ ቀለሟ ግን ከሱ ይሻል ነበር፤ ይህን ዛሬም አልተውም። ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ ብስክሌቱን ሸጦ አንዲት ትንሽ መኪና ይዞ መጣ። በመጨረሻ የባንክ ሠራተኛው የወንበሯ ላስቲክ ገና ያልተላጠ አዲስ መኪና ይዞ ገባ። አራት ሆንን። ግቢው ሰፊ ነው፤ አራት አይደለም አሥርም ያቆማል። ታዲያ ምን አጣላችሁ አትሉም?

የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ውርጭ ይወርዳል፤ ማለዳ ሲወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ፣ የባልዲው ውሃ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ሰው ራሱ ከብርድ ልብሱ ለመውጣት አማላጅ ይፈልጋል፤ አሮጌ የናፍጣ ሞተርማ እንዴት ብሎ! ቁልፉን ስታዞረው አንዴ ያጉረመርማል፣ ሁለተኛ ያቃስታል፣ ከዚያ ዝም። ባትሪ የሚባለው ነገር በኛ አገር ብርድ ለስሙ ነው። ያለው መላ አንድ ነው፤ ማስገፋት። ግቢው ደግሞ ሜዳ በመሆኑ፣ ውርጭ የጠጣ ጠጠር ላይ መኪና ለመግፋት አምስት ስድስት ሰው ያስፈልጋል። ከበሩ አጠገብ ያለችው አንዲት ጥግ ብቻ ወደ በሩ ታዘነብላለች። እዚያ ያደረ መኪና ሰው አያስፈልገውም። በሩን ትከፍታለህ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ፍሬኑን ትለቃለህ፤ በራሷ ትንከባለላለች፤ ፍሪሲዮኑን ስትለቀው ሞተሩ ይነሣል። በዚያ ላይ የማለዳ ፀሐይ ከግቢው ሁሉ ቀድማ የምታርፈው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ፀሐይዋ እንኳ ታዳላለች እል ነበር።

ያቺ ጥግ የጎረቤቴ ነበረች። ማንም አልሰጠውም፤ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ገዛ፣ ቀድሞ አቆመ፣ በቃ የሱ ሆነች።

ይህ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቀድመኝ ሰው ነው። ያንድ ቀዬ ልጆች ነን። ቄስ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ገባን፤ እኔ ገና ፊደል ላይ ስንተባተብ እሱ ዳዊት ደገመ። እኔ ሽማግሌ ልልክ ስማከር የሱ ሠርግ ተደግሶ ተበላ። ወደ ንግድ ስገባ እሱ እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለታችንም የባና ነጋዴዎች ነበርን፤ ባና የምንለው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሸማኔዎቹ በገበያ ቀን ከየገጠሩ ተሸክመው ሞላሌ ወይም ቀየት ገበያ ያወጡታል፤ እኛ እንገዛና ወደ ደብረ ብርሃን እናወርዳለን። ደህና ደህናው ባና የሚገኘው በማለዳ ነው። ጠጉሩ በደንብ የተፈተለ፣ ሽመናው የተስተካከለ ባና ፀሐይ እስኪሞቅ አይቆይም። የደረሰ ያነሣዋል፤ የዘገየ ሰው የሚያገኘው የሚቧጥጥና የሚረግፍ ብቻ ነው። እና ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ንገሩኝ፤ ተዳፋት ላይ ያደረ ነው ወይስ ሜዳ ላይ የደረቀ?

ይባስ ብሎ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በገበያ ቀን ማለዳ መኪናውን አንከባሎ ያስነሣና ከበሩ ውጭ እየሠራች ያቆማታል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፣ የየቤቱን በር ያንኳኳል፣ ሰው ይሰበስባል፣ የኔን መኪና ያስገፋል። ራሱም ይገፋል። "አይዞህ" ይለኛል፤ "አንዴ ከተነፈሰች አትቆምም።" አይዞህ ማለቱ ነበር አንጀቴን የሚያሳርረው። ስትነሣልኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ መኪናው ይሮጣል፣ ከፊቴ ይወጣል፤ እኔ እስከ ሞላሌ ድረስ አቧራውን እየበላሁ እከተላለሁ። ስደርስ ሸማኔው ሁሉ ከቦት አገኛለሁ። ባናው ተገላብጦ፣ ተመርጦ፣ ግማሹ ተጭኗል። ማታ ቤቴ ስገባ ስለ ገዛሁት ባና ሳይሆን ስለ ተዳፋቷ ነበር የማወራው።

ባለቤቴ ምላሷ ስለት ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት፣ መሬቷን ይህን ያህል ከወደድኳት እዚያው ሄጄ እንድተኛባት መከረችኝ። ደግሞ የጎረቤቴ ሚስት በሰፈሩ ሴቶች መሐል "ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው ነው ያገባሁት፤ ጸሎቱም ሰምሯል" ብላ ሰው ማሳቋን ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ እሷም እየሳቀች ነበር። ያን ቀን እራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በዚያ ዘመን ስብሰባ የማያውቅ ሰው የለም። ቀበሌ ይሰበስበናል፣ ንግድ ቢሮ ይሰበስበናል፣ ግምገማ አለ፣ የልማት ውይይት አለ፤ ቃላቱን ከዳዊት ይልቅ አጥንተናቸው ነበር። እኔም በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና በግቢያችን የመልካም አስተዳደር ችግር አለ አልኩ። ሰዉ ደነገጠ፤ ሊቀመንበራችን ውሃ የጠፋ መሰላት። ሊቀመንበራችን የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ጠንቃቃ ሴት። ቀጠልኩ። የጋራ መሬት በአንድ ግለሰብ መያዙ ኪራይ ሰብሳቢነት መሆኑን፣ ፍትሐዊ ተጠቃሚነት እንደሚያስፈልግ፣ ዝም ብንል ነገ ቧንቧውም የአንድ ሰው እንደሚሆን ተናገርኩ። ጎረቤቴን በዓይኔ አላየሁትም። ግን ከኋላ ሲስቅ ሰማሁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ ነገሩ አስቆት ነው፤ እሱ ነው የባሰው።

ሊቀመንበሯ ሐሳብ ጠየቀች። በየሳምንቱ ተራ እንግባ ያለ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ በየሳምንቱ መኪና ሲያገላብጥ የሚኖር ሰው እንደሌለ ተናግሮ ጣለው። በቤት ቁጥር ይሁን ያለም ነበር፤ ያን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ቤት ዘጠነኛ ነው። መጨረሻ ላይ መፍትሔውን ያመጡት የሊቀመንበሯ አባት ናቸው። አባባ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ በጉልምስናቸው ጊዜ የጓሳ ተራራን ሣር ከሚያስጠብቁት አባቶች አንዱ ነበሩ። ጓሳ እንደሚታወቀው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ሣሩ ይዘጋል፣ ለዓመታት ሰው ማጭድ አይነካበትም፤ ሲደርስ በተባለው ቀን ይከፈታል፣ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ቀኑ ሳይደርስ ያጨደ ይቀጣል። እሳቸው ይህን የኖሩበት ሰው ስለሆኑ፣ የኛ ጭቅጭቅ የልጅ ጨዋታ ሆኖባቸው ነበር መሰለኝ። ዕጣ ጣሉ አሉን። በዓመት አንዴ፣ ውርጩ ሳይጠና፣ በኅዳር ጽዮን ማግስት። የደረሰው ዓመቱን ሙሉ ያቁምባት፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ይቁሙ፤ ሌላ ወሬ የለም።

ዕጣው በኛ አገር ልማድ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያመጣል፤ ጠጠርም ይሁን ስንጥር። ለሰው ሁሉ ያሳያል፣ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ያስገባል። የሚያወጣው የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። ዓይነ ስውሩን አባት ከመምረጥ የተሻለ ምን አለ? ምልክቶቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ከቤት መርተው ያመጧቸዋል፣ ዳብሰው አንዱን ያወጣሉ። ሁላችንም ተስማማን። ጎረቤቴ ራሱ "ጥሩ ነው" አለ፤ አንድም አልተከራከረም። ስድስት ዓመት የያዛትን ቦታ እንደ ጠጅ ብርሌ ነው ያስቀመጣት። የኔ ዓይን ደግሞ ይህንንም በበጎ አላየውም። በዕድሉ ተማምኖ ነው፣ መቼም እሱን የሚያልፈው ነገር የለም አልኩ።

እና ድንጋዬን አሞቅኩት።

ነገሩ የመጣልኝ በዚያው ማለዳ ነው። ባለቤቴ ምድጃው ላይ ጥዳ የወጣችው ድስት ነበር፤ ከሥሩ ረመጥ። ጥቁር ጠጠሬን በእጄ ይዤ እየተመለከትኩ ሳለ፣ የሽማግሌው እጅ በዚህ ብርድ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ምን ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ማሰብ አላስፈለገኝም። ጠጠሩን ረመጡ ውስጥ ቀበርኩት፣ ቆይቼ አወጣሁት፣ በበግ ጠጉር ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ለሰው ሳሳየው በጋቢዬ ጫፍ ነው የያዝኩት፤ እጄን ያቃጥለኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጠመኔ አሳየ፣ የባንክ ሠራተኛው የቢራ ቆርኪ፣ ጎረቤቴ አንድ ዝገት የበላው የጎማ ብሎን። በየተራ እጃችንን እስከ ክርናችን እያስገባን አስቀመጥን።

አባባ ተመርተው መጡ። እጃቸው ከብርዱ የተነሣ ተቆልምሞ ነበር። አስገቡ፣ ዳበሱ፣ ትንሽ ቆሙ፤ እንደገና ዳበሱ። የኔን ጠጠር ይዘው ወጡ፤ ወዲያው አልሰጡም፣ በጭብጣቸው ውስጥ ያዝ አድርገውት ቆዩ። "ይህ የማን ነው?" አሉ። "የኔ ነው አባባ" አልኩ። የቀረውን ማውጣት አላስፈለገም፤ ሜዳው ለሁሉም አንድ ነውና ከረጢቱ ታስሮ ተነሣ። ጎረቤቴ መጥቶ እጄን ጨበጠ፤ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ የኔ ገና ትኩስ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። በሩን ከፈትኩ፣ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ተንከባለለችልኝ። ወይ ደስታ! መኪናዋ ስትነሣ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዞር ስል ጎረቤቴ ሜዳው ላይ ቁልፉን እያዞረ ነው፤ አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለተኛ አቃሰተ፣ ዝም። እንግዲህ መግፋት ግዴታ ነው፤ በግቢያችን ና ግፋኝ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው የለም። ሰው ተጠራ፣ እኔም ከኋላ ቆምኩ። ስገፋ በመስኮቱ በኩል ወደ ውስጥ ዓይኔን ጣል ባደርግ ያ ዝገት የበላው ብሎን ከመሪው ፊት ተቀምጧል። ከረጢቱን ፈትተው መልሰውለት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። መኪናው ስትነሣ እጁን አወጣና አመሰገነኝ። እኔ ግን ቀድሜ ወጣሁ። እስከ ሞላሌ ድረስ አቧራዬን አበላሁት፤ በመስታወት እያየሁ ነው የሄድኩት፣ ጣፈጠኝ።

ሞላሌ ስደርስ ሸማኔዎቹ ባናቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከማንም ቀድሜ መድረሴ ነው። ወርጄ አንዱን ጥሩ ባና አነሣሁና ዋጋ ጠየቅሁ። ሰውዬው ወደ መንገዱ አየ። "ትንሽ ይቆይ" አለኝ። ምን ይቆይ? ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እሱም ወደ መንገዱ እያየ ሰውዬው የት ቀረ ብሎ ጠየቀኝ፣ ታሞ እንዳይሆን ብሎ። ሦስተኛዋ ባሏ የሠራውን ይዛ የመጣች ሴት ናት፤ ያ ጎረቤቴ ልጇን ባለፈው ክረምት በመኪናው ሐኪም ቤት እንዳደረሰላት እስክትጨርስ አስቁማ ነገረችኝ። እኔ የማለዳው ብርድ ውስጥ፣ ከማንም ቀድሜ፣ ባዶ እጄን ቆሜ ጠበቅኩ። እሱ ሲመጣ ሁሉም ተነሣ። እኔም ገዛሁ፤ የምገዛውን ያህል፣ የዘወትሩን ዓይነት።

ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቦታዋ የኔ ናት፣ መኪናዬ ትነሣለች፣ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ቅናቱ ግን በዚያው እንዳለ ነው፣ እንዲያውም በረታ። ቀድሞ በተዳፋቷ ነበር የማሳብበው። አሁን ማሳበቢያም አጣሁ። ሰውዬው በየገበያው ቀን ይገፋል፣ ያስገፋል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ሞላሌ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሸማኔው ይጠብቀዋል። ባለቤቴ "እንግዲህ ቦታውን አገኘህ፣ ምን ቀረህ?" ስትለኝ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሁለተኛው ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ ነው አባባ ያነጋገሩኝ። ማለዳ ማለዳ ፀሐይ የሚሞቁት እዚያችው ተዳፋት ላይ፣ ከመኪናዬ ጎማ አጠገብ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ኮቴዬን ለይተው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ ጠየቁኝ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ምንም ሳይለውጡ፣

"ድንጋይህን ዘንድሮም ልታሞቀው ነው?" አሉኝ።

መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር፤ ተዳፋቷ ግን እንደ ልማዷ ዝም ብላ ተጋድማለች። ይህን ካወቁ ለምን እንዳወጡልኝ ጠየቅኋቸው።

"እጄ በርዶት ነበር" አሉ። "ሞቅ ያለ ነገር ሲያገኝ ጨበጠው። ሰው ነኝ እኮ። ቢሆንም ብዙ አልበደልክም፤ ባታሞቀውም ከሦስት አንዱ ያንተ ነበር።"

"ከአራት" አልኳቸው።

"ከሦስት። ጠመኔ አለ፣ ቆርኪ አለ፣ ያንተ ድንጋይ አለ። ከረጢቱን ሁለቴ ነው የዳበስኩት። አራተኛ አልነበረም።"

ብሎኑ። ከመሪው ፊት የተቀመጠው ብሎን። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ ጨብጦ እንዳስገባው ጨብጦ አወጣው። የባንክ ሠራተኛው መኪና አዲስ ናት፣ የርእሰ መምህሩም በቁልፍ ትነሣለች፤ ተዳፋት የሚያስፈልገን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለኔ ነበር የተወልኝ። እኔ በረመጥ ስሠርቅ እሱ ቀድሞ ሰጥቶኛል።

ማመስገን ይገባኝ ነበር፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ደሜ ነው የፈላው። በዳዊቱ ቀደመኝ፣ በሚስቱ ቀደመኝ፣ በመኪናው ቀደመኝ፤ ይኸው በደግነትም ቀደመኝ! እኔ በአንድ ነገር እንኳ ሳልቀድመው ልሞት ነው? ለምን ያኔውኑ እንዳልተናገሩ ሽማግሌውን በቁጣ ጠየቅኋቸው። ቁጣዬን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

"ልጄ፣ ጓሳ ላይ ቀኑ ሳይደርስ ሣር ያጨደ ሰው ሲያጋጥመን ቅጣቱን እናውቃለን" አሉ። "ድርሻውን ለሰው ለሚተው ግን ደንብ የለንም። ምን ልበል?"

በጽዮን ማግስት እንደ አምናው ተሰበሰብን። ጠጠሬ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ረመጡ አጠገብ አልደረሰችም። ከፍ አድርጌ አሳየኋት፣ ርእሰ መምህሩ ጠመኔውን፣ የባንክ ሠራተኛው ቆርኪውን፣ ጎረቤቴ ያንኑ ብሎን። ተራዬ ሲደርስ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጠጠሯን አልለቀቅኋትም። ጨብጬ አወጣኋት፣ ኪሴ ከተትኳት። ዘንድሮ ተዳፋቷ የሱ ትሁን፣ እኔ ልስጠው፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን በኔ ይደነቅ ብዬ ነው። ንጹሕ ሐሳብ ነበር አልልም።

አባባ ተመርተው መጡ። እጃቸውን አስገቡ፣ ዳበሱ፣ ቆሙ። እንደገና ዳበሱ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ሳቅ መጣ፤ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"እዚህ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው" አሉ።

ሰዉ ተንጫጫ። ሊቀመንበሯ አራት ሲገባ በዓይኗ ማየቷን ተናገረች። እኔ ቀና ስል ጎረቤቴ እኔን ያያል። የሱም ቀኝ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ከመሬት ላይ አንዳች ነገር የጠፋን ይመስል አቀረቀርን። ዕጣው ይደገም ያሉ ነበሩ፤ አባባ ዕጣ አንዴ ነው ብለው እጃቸውን አወጡ። ቆርኪ ነበር። መንዝ ውስጥ ካሉት መኪኖች ሁሉ ተዳፋት የማያስፈልጋት ያቺ አዲስ መኪና ተዳፋቷን ወረሰች። የባንክ ሠራተኛው እንኳ አፍሮ፣ ለኔ ምን ታደርግልኛለች እያለ ነበር የወሰዳት።

በገበያው ቀን ማለዳ ውርጩ ከወትሮው ብሶ ነበር። ሁለቱ ፒካፖች ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ቁልፌን አዞርኩ፤ ዝም። እሱም አዞረ፤ ዝም። ሁለታችንም ወረድን። ስለ ከረጢቱ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም፤ እስከ ዛሬም አላነሣነውም። ሰው ተጠርቶ እየመጣ ሳለ እጁን እያፍተለተለ ወደኔ ዞረና፣

"የማንን እናስቀድም?" አለኝ።

መጠየቁ ራሱ አናደደኝ፤ እኔ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ነው የቀደመኝ።

"ያንተን" አልኩት፣ ሌላ ቃል ሳይጨምርብኝ ከመኪናው ኋላ ሄጄ ደረቴን ብረቱ ላይ ደገፍኩ።